ሆዳችንን የሚነፋው የትኛው ምግብ ነው?

ሰው ሁሉ ይበላል። የበላ ሆድም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዳንዴ ያጉረመርማል፤ አንዳንዴ ይነፋል፤ አንዳንዴም ሰው መኻል ያሳፍራል። ይህ በየቤቱ ያለ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በግልጽ አይወራም። ስለማይወራም ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ በግምት ብቻ ይሄዳል። አንዱን ምግብ ይጠላል፤ ሌላውን ይተዋል። የሚጠቅመውን ትቶ የሚጎዳውን የሚይዝም አለ።

እኛ ፊደል ልናስተምር በዘመትንበት የደጋ ቀበሌ ይህን ጉዳይ በደንብ የተማርነው ከተማሪዎቻችን ነው። መጀመሪያ ግን ተሳስተናል። ስሕተታችንን እዚህ የምንጽፈው ሌላው እንዳይደግመው ብለን ነው።

የተሳሳተ ምክር

ነገሩ የሆነው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ለምልሟል። ላሞች በደንብ ይታለባሉ። ሴቶቹ የጠዋት ሥራቸውን ጨርሰው፣ ውሃ ቀድተው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ለትምህርት ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው አምስተኛ ልጃቸውን የሚያጠቡ አንዲት እናት ነበሩ። እኛ እትዬ እንላቸዋለን።

እትዬ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። አንድ ሰሞን ግን ትምህርቱ ሳያልቅ እየተነሡ መውጣት ጀመሩ። ምን ሆነው ነው ብለን ጠየቅናቸው።

«ኧረ ተዉኝ ልጆቼ፤ የሚወራም አይደል» አሉን።

ቆይተው ነገሩን። ረፋድ ላይ ሆዳቸው ይነፋል፤ ይጮኻል፤ ይቆርጣቸዋል። ሰው መኻል ተቀምጦ መታገሡ ያስጨንቃቸዋል። «የባቄላው ንፍሮ ነው መሰለኝ። እሱን ከበላሁ ሰዓትም አይቆይ፤ ወዲያው ነው የሚነሣብኝ» አሉ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ታዲያስ! ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ አይደል የሚባለው» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኛም ሳቅን። ባቄላ ሆድ እንደሚነፋ ከተረቱም ከትምህርት ቤትም እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩን ሳናጣራ፣ «እንግዲያው ባቄላውን ይተዉት። አተሩንም፣ ሽምብራውንም፣ ሽሮውንም ይተዉት» አልናቸው።

እትዬም አመኑን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥራጥሬ የሚባል አልቀመሱም። እንጀራቸውን በአዋዜ በሉ፤ ረኃቡን ለማስታገሥ ወተት ጨመሩ። ሆዳቸው ግን አልተሻለውም። እንዲያውም ባሰ። ፊታቸው ከሳ። «ጡቴም የቀነሰብኝ መሰለኝ፤ ልጁ ያለቅሳል» አሉን።

ያን ጊዜ ደነገጥን። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይገባል። እትዬ ደግሞ የሚያጠቡ ቢሆኑም ከጾም ምግብ አይወጡም። ጾሙ ሲገባ ወተቱም፣ እርጎውም፣ ቅቤውም ይቀራል። ጥራጥሬውን ደግሞ እኛ አስትተናቸዋል። ታዲያ እኚህ እናት ምን ሊበሉ ነው? ሕፃኑስ ምን ሊጠባ ነው?

በማግሥቱ ይዘናቸው ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና ረዳቱ በቅድሚያ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ደም ያለበት ሰገራ መኖር አለመኖሩን ጠየቀ። ሰገራቸውም ተመረመረ፤ ትልም አሜባም ጃርዲያም አልተገኘም። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«ባቄላ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አለን።

ዝም አልን።

«መጻፍ እያስተማራችኋቸው አይደል እንዴ? ታዲያ አጽፏቸዋ! የበሉትን፣ ሰዓቱን፣ ሆዳቸው የሆነውን ይጻፉ። ጥራጥሬውንም ይመልሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ» ብሎ ሸኘን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ያን ጊዜ የተማርነውና በኋላም አንብበን የተረዳነው ነው።

ጋዝ ከየት ይመጣል?

በሆዳችን ውስጥ ያለው ጋዝ በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው የምንውጠው አየር ነው። ማንም ሰው ሲበላና ሲጠጣ ጥቂት አየር ይውጣል። ተጣድፎ የሚጎርስ፣ እየጎረሰ የሚያወራ፣ ማስቲካ የሚያኝክ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ብዙ ይውጣል። ለስላሳ መጠጥ፣ ጋዝ ያለው ውሃና ቢራም ጋዛቸውን ይዘው ይገባሉ። ይህ ዓይነቱ በአብዛኛው በግሳት ተመልሶ ይወጣል።

ሁለተኛው እዚያው አንጀታችን ውስጥ የሚፈጠር ነው። ምግብ ከጨጓራ ወደ ቀጭኑ አንጀት ይወርዳል። ቀጭኑ አንጀት 6 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ምግብ በአብዛኛው ተፈጭቶ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ነው። ለመፍጨት ሰውነታችን ኢንዛይም የሚባሉ ቅመሞችን ያመነጫል። እያንዳንዱ ኢንዛይም እንደ ቁልፍ ነው። የራሱን በር እንጂ የሌላውን አይከፍትም።

ቁልፍ ያልተገኘለት ምግብ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ትልቁ አንጀት 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ አብዛኞቹ ጠላቶቻችን አይደሉም፤ ይጠቅሙናል። ያልተፈጨውን ምግብ ሲያገኙ ይመገቡታል፤ ያብላሉታል። ሊጥ ሲቦካ አይታችሁ የለ? ኩፍ ይላል፤ አረፋ ያወጣል። ጠላም ጋኑ ውስጥ ሲብላላ ድምፁ ይሰማል። በአንጀታችን የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በአንዳንድ ሰው ሚቴንም ይኖርበታል። እነዚህ ሽታ የላቸውም። ሽታውን የሚያመጣው በጣም ጥቂት የሆነ፣ ድኝ ያለበት ጋዝ ነው።

እንግዲህ ጋዝ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ያስወጣል። ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው ሐኪሙ «አየር አስወጣህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አዎ ካለ ሐኪሙ ደስ ይለዋል፤ አንጀቱ ሥራ ጀምሯል ማለት ነውና። በሰው መኻል የሚያሳፍረው ነገር እዚያ የምሥራች ነው። ችግር የሚሆነው ጋዙ ሲበዛ፣ ሲያስጨንቅና ሲቆርጥ ነው።

የሚጠረጠሩት ምግቦች

1ኛ. ጥራጥሬ። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስርና ቦሎቄ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሏቸው። የእነዚህን ስኳሮች በር የሚከፍት ቁልፍ በማንም ሰው አንጀት ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥራጥሬ በሁሉም ሰው ላይ ይብዛም ይነስ ጋዝ ይፈጥራል። ተረቱ እውነት አለው።

2ኛ. ወተት። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። የዚህ ቁልፍ ላክቴስ ይባላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ላክቴስ ሞልቶታል። ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን በብዙ ሰው ላይ ይህ ቁልፍ ይቀንሳል። በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ከሦስት ሁለቱ ያህል እንዲህ ናቸው። ነገሩ ከወላጅ የሚወረስ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። በአንድ ቤት ባል ጣሳ ሙሉ ወተት ጠጥቶ ደህና ሲሆን ሚስት በግማሽ ጣሳ ልትታመም ትችላለች። እርጎ ሲሆን ግን ላክቶሱ በከፊል በእርሾው ተበልቷል፤ እርሾውም አንጀት ውስጥ ገብቶ መፍጨቱን ይረዳል። አይብና ቅቤ ደግሞ ላክቶሳቸው ጥቂት ነው።

3ኛ. ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴና ገብስ። እነዚህ ፍሩክታን የሚባል፣ በቀጭኑ አንጀት የማይፈጭ ነገር አላቸው። አብዛኛው ሰው ይችላቸዋል። አንዳንዱን ግን ይነፉታል።

4ኛ. ጎመንና ጥቅል ጎመን። ያልተፈጨ ቃጫ ስላላቸው ጋዝ ይፈጥራሉ። ድኝም ስላላቸው ሽታውን ያብሳሉ።

5ኛ. በደንብ ያልበሰለ ምግብ። ጥሬነት ያለው ድንች፣ መኻሉ ሊጥ የሆነ ቂጣ፣ ሳይበስል የወጣ ንፍሮ ለአንጀት ይከብዳል። ከእህል ሁሉ አነስተኛ ጋዝ የሚፈጥረው ሩዝ ነው።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱም አሉ። ቅባት የበዛበት ምግብ ጋዝ አይፈጥርም፤ ነገር ግን ጨጓራ ቶሎ እንዳይለቅ ስለሚያደርግ ሆድ የተነፋ ይመስላል። በርበሬና ሚጥሚጣም ያቃጥላሉ እንጂ አይነፉም። እኛ አገር የሆድ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል። ማቃጠልና ቃር ከላይ፣ ከጨጓራ አካባቢ ነው። መንፋት፣ መጮኽና ቁርጠት ግን ብዙ ጊዜ ከታች፣ ከአንጀት ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጉርሻ ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ስሕተታችን እንምጣ። ሰው ሆዱ ሲነፋ «አሁን ምን በላሁ?» ብሎ ያስባል። መጨረሻ የቀመሰውን ይይዝና እሱን ይከስሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ምግብ ከአፍ ተነሥቶ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። ባቄላ ጋዝ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ሲደርስ ነው። ለዚያ ደግሞ በአብዛኛው 4፣ 5፣ 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በምሳ የተበላ ባቄላ የሚያስቸግረው ማታ ነው። በራት የተበላ ሌሊት ነው። ወተት ግን ፈሳሽ ስለሆነ ይፈጥናል። ያልተፈጨው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት እየሳበ በፍጥነት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠቱ ይጀምራል። አንዳንዴም ተቅማጥ ያስከትላል።

እትዬ ንፍሮውን የሚበሉት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሆዳቸው የሚነሣው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያ ባቄላ ገና ጨጓራቸውን አልለቀቀም። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ባቄላውን ባልከሰስነው ነበር።

ደብተሩ

ደብተሩን በአምስት ከፈልነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የተበላውና የተጠጣው፣ እንዴት እንደተሠራና መጠኑ፣ ሆድ የሆነው። እትዬ ሰዓት የላቸውም። ትምህርት ቤቱ ላይ ባለው ሰዓትና በፀሐይ ገምተው ይጽፉ ነበር። መጀመሪያ ላይ «ነፋኝ» የሚለውን ቃል መጻፍ አፍረው «ያ ነገር» ብለው ይጽፉ ነበር። በኋላ ለመዱት።

ከደብተሩ ጥቂቱ እንዲህ ይላል።

ሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት አንድ ጣሳ ወተት፣ ቂጣ። 3 ሰዓት ተኩል የባቄላ ንፍሮ አንድ እፍኝ። 4 ሰዓት ተኩል ነፋኝ፣ ቆረጠኝ።

ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት ግማሽ ጣሳ ወተት፣ ቂጣ። 3 ሰዓት ተኩል ንፍሮ። ረፋድ ላይ ትንሽ ነፋኝ።

ረቡዕ። ጠዋት 2 ሰዓት ቂጣ፣ ሻይ። 3 ሰዓት ተኩል ንፍሮ ሁለት እፍኝ። ደህና ነኝ። ማታ ጥቂት አየር ወጣ፤ አልቆረጠኝም።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ እትዬ ደብተራቸውን በተማሪዎቹ ፊት ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቅናቸው። ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ረቡዕ ላይ ሲደርሱ «ደህና» አሉ። ዓርብ ላይ ሲደርሱ «ደህና» አሉ። የሚቀጥለው ረቡዕም «ደህና»። የሚቀጥለው ዓርብም «ደህና»። ከዚያ ቀና አሉ።

«እንዴ! የጾም ቀን አይነካኝምሳ!» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የረቡዕና የዓርብ ምግባቸውን ከሌላው ቀን ጋር አስተያየነው። በጾም ቀን ባቄላው አለ፤ እንዲያውም ይበዛል። ሽሮውም አለ። ቂጣውም አለ። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወተት።

ወተት የጠጡባቸውን ጠዋቶች ቆጠርን፤ 8 ነበሩ። ከ8ቱ በ7ቱ ሆዳቸው ነፍቷል። ወተት ያልጠጡባቸው ደግሞ 6 ነበሩ፤ 4ቱ የጾም ቀን፣ 2ቱ ወተቱ ለቅቤ የተጠራቀመበት ቀን። በ6ቱም አልቆረጣቸውም። እኛ ጥራጥሬውን አስትተናቸው በነበረ ጊዜ ለምን እንደባሰባቸውም ያን ጊዜ ገባን። የባቄላውን ቦታ በወተት ሞልተውት ነበር።

ማረጋገጥ

መጠርጠር አንድ ነገር ነው፤ ማረጋገጥ ሌላ ነው። የጤና ረዳቱ ደብተሩን አይቶ ሦስት ነገር እንድናደርግ ነገረን።

በመጀመሪያ፣ ወተቱን ብቻ ለአንድ ሳምንት መተው። ሌላው ምግብ ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። እትዬ አንድ ሳምንት ተዉት። ሆዳቸው ጸጥ አለ።

ሁለተኛ፣ የተተወውን መመለስ። አንድ ጠዋት ጣሳ ሙሉ ወተት ጠጡ። ረፋድ ላይ ያው ቁርጠት መጣ። ይህ እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ነገር ግን ሳይመለስ የቀረ ምግብ በርግጥ ጥፋተኛ መሆኑ አይታወቅም፤ ሰውየው በሌላ ምክንያት ድኖ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሌላ መልኩ መሞከር። በወተቱ ፈንታ እርጎ ጠጡ። ደህና ሆኑ።

ልብ በሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚተወው። ሰው አምስት ምግብ በአንድ ላይ ትቶ ቢሻለው የትኛው እንደነበረ አያውቅም። አምስቱንም ዕድሜውን ሙሉ ይፈራል። ሰውነቱም ይጎዳል። ደግሞም በአንድ ቀን አይፈረድም። አንድ ቀን በድካም፣ በሐሳብ ወይም በሴቶች በወር አበባ ምክንያት ሆድ ሊረበሽ ይችላል። ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው ምስክር የሚሆነው።

በትንሣኤ ማግሥት ብዙ ሰው ሆዱን የሚታመመውም በዚሁ ይታወቃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወተት ያልነካ ሰው ጾሙ እንደተፈታ ወተቱን፣ ቅቤውንና ሥጋውን በአንድ ቀን ያወርደዋል። ላክቶስ የማይፈጭለት ሰው አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ወተት በየጊዜው ሲያገኙ መለማመድ ይችላሉ። ሲቋረጥ ልማዱ ይጠፋል። ቀስ ብሎ፣ በጥቂት በጥቂቱ መጀመር ይሻላል።

ባቄላን አንተው፤ እንወቅበት

ባቄላ በእትዬ ጉዳይ ነፃ ወጣ እንጂ ጋዝ አይፈጥርም አላልንም። ይፈጥራል። ነገር ግን ባቄላ ገንቢ ምግብ ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ባቄላ 25 ግራም ያህሉ ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ነው። ሥጋና ወተት በሌለበት ወቅት፣ በተለይም በጾም፣ የገበሬው ቤት የሚቆመው በጥራጥሬ ነው። ስለዚህ መተው ሳይሆን አሠራሩን ማወቅ ይበጃል። እናቶቻችንም ብዙውን ቀድመው ያውቁታል።

ደረቁን ጥራጥሬ ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት። ጠዋት ያንን ውሃ ድፉት። በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። የሚነፋው ስኳር ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ከፊሉ ከተደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል።

በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ አብስሉት። ለማገዶ ሲባል ያልበሰለ ንፍሮ ማውጣት አይጠቅምም። የተዘፈዘፈ ደግሞ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶውንም ይቆጥባል።

በቆልት ሥሩ። ባቄላ ሲበቅል ለማደጊያው ያስቀመጠውን ያንን ስኳር ራሱ ይበላዋል። የበቀለ ባቄላ ካልበቀለው ያነሰ የሚነፋው ለዚህ ነው። ስልጆን የመሰለ የተብላላ ምግብም እንዲሁ ነው፤ አንጀታችን ውስጥ ሊደረግ የነበረው ሥራ ውጭ፣ በማሰሮው ውስጥ ተሠርቶ ይቆያል።

ገለባውን አውጡለት። ክክ ከነገለባው ከሚበላው ይልቅ ለሆድ ይቀላል። ሽሮም ገለባው ወጥቶ በደንብ የተንተከተከ ሲሆን ይሻላል። ነጭ አዝሙድና ዝንጅብል ይጨመርበታል። እነዚህ ስኳሩን አያጠፉም፤ ለብዙ ሰው ግን ሆድን ያቀልሉታል።

ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው በጥቂት ይጀምር። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲበላ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንጀቱ ይለምዳል። እኛም ከከተማ በሄድን በመጀመሪያው ሰሞን ሌሊት ሌሊት ተሳስቀን አልነበረም እንዴ! በወሩ ለመድነው።

ከጥራጥሬ ሁሉ ጓያን ግን ለይታችሁ እወቁት። የጓያ ችግር ጋዝ አይደለም። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደ እግርም ተመልሶ አይድንም። መዘፍዘፍ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

ሌላ አንድ ነገር እንጨምር። እናቶች «እኔን የነፋኝ በጡቴ ለልጁ ያልፋል» ብለው ይፈራሉ። ጋዝ ከአንጀት ወደ ጡት አያልፍም። ደግሞም ለእናቲቱ ወተት አልስማማ ማለቱ ልጁን ወተት ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። የሕፃኑ ላክቴስ የራሱ ነው፤ የእናት ጡትም ለእርሱ ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ ነው።

ምክንያቱ ምግብ በማይሆንበት ጊዜ

ደብተር ሐኪምን አይተካም። የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ምግብ እየተዉ መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው። ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤
ሰው ሳይፈልግ እየከሳ ከሄደ፤
ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካለ፤
ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፤
ተቅማጡ ከቆየ፤ ሰገራው ቅባት የመሰለና የከረፋ ከሆነ። ይህ ጃርዲያ ሊሆን ይችላል። ጃርዲያ በቆሸሸ ውሃ ይመጣል፤ መድኃኒትም አለው። ጃርዲያ የያዘው ሰው ከዳነም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወተት ላይስማማው ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው አንድ ምልክት አለ። ሆድ በድንገት ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሲወጠር፣ ብርቱ ሕመም ሲኖር፣ ሰገራም አየርም አልወጣ ሲል ነው። ይህ አንጀት የመጠምዘዝ ወይም የመዘጋት ምልክት ነው። በአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት አደጋ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማሸት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት፣ እስከ ነገ ማቆየት ክልክል ነው። በቃሬዛም ሆነ በመኪና በዚያው ቀን ሆስፒታል ማድረስ ነው። ሰዓቱ ካለፈ አንጀቱ ይሞታል፤ ሰውየውም አብሮ ሊሞት ይችላል።

እትዬስ?

እትዬ የጠዋቱን ወተት ለእርጎ አዋሉት። ባቄላቸውን እየዘፈዘፉ መብላት ጀመሩ። ፊታቸው ተመለሰ። የነቢያት ጾም ሲገባ ሽሮአቸውና ንፍሮአቸው በእጃቸው ነበር። ሕፃኑም ጠግቦ ጠባ።

እኛ ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸው ግን «ምን ይቅርታ አለው፤ ደብተሩንስ የሰጣችሁኝ እናንተ አይደላችሁ?» አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሴቶች ደብተር አምጡልን ብለው መጡ። አንዷ ስለ ራሷ፣ አንዷ ስለ ባሏ፣ አንዷ ስለ እናቷ ልትጽፍ ነው።

ፊደል የቆጠረ ሰው ያየውን ይጽፋል። የጻፈውን መልሶ ያነባል። ያነበበውን ያስተያያል። ግምት ያኔ ቦታውን ለእውቀት ይለቃል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የዘነጋነውን ይህን ነገር ያስታወሱን ከወር በፊት ስማቸውን መጻፍ የተማሩ እናት ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትልቁ አንጀት ውስጥ ጋዝ የሚፈጠረው እንዴት ነው? ከሊጥ መቡካት ጋር አስተያዩት።
2. እትዬ ባቄላውን የጠረጠሩት ለምን ነበር? ስሕተቱስ የት ላይ ነው?
3. የረቡዕና የዓርብ ቀኖች ነገሩን የገለጡት እንዴት ነው?
4. በእናንተ ቤት ጥራጥሬ የሚሠራው እንዴት ነው? ምን ማሻሻል ይቻላል?
5. ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያለበት ምን ምልክት ሲታይ ነው?
6. ለአንድ ሳምንት የበላችሁትን፣ ሰዓቱንና ሆዳችሁ የሆነውን በደብተር ጻፉ።